ባለጥለቱ ቤት እና የሰኔ ፀሐይ

በጡረታ ሽኝቴ ዕለት ባነሱኝ ፎቶ ላይ ፊቴ አይታይም። የመሥሪያ ቤቱ ልጆች ወስደው መስኮት ሥር አቆሙኝ። ከኋላዬ የከሰዓት ፀሐይ በመስታወቱ ይንቦገቦጋል፤ እነሱ ስልካቸውን ደግነው «እትዬ አስካለ፣ ስማይል ይበሉልን እንጂ!» ይላሉ። ፈገግ አልኩ። ማን ሊያየው! በፎቶው ላይ የተሸለምኩትን ብርድ ልብስ ያቀፉ ሁለት እጆች ይታያሉ፤ ከአንገት በላይ ጨለማ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ «ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጉ» ስል የኖርኩ ሰው ነኝና ልናገር ብዬ ተውኩት። ኬኩ ተቆርጧል፣ ልጆቹ ደስ ብሏቸዋል። ለመሄድ የተነሳ ሰው ምን ያስተምራል?

ፎቶ አንሺ ነበርኩ፤ የሰው ሳይሆን የቤትና የሕንፃ። ሠርግ የሚሠሩ ጓደኞቼ «አንቺ ተገላግለሻል፤ ቤት ዓይኑን አይጨፍንብሽ፣ አክስቴ ለምን ተቆረጠች ብሎ አይጣላሽ» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። እውነታቸውን ነው፣ ቤት አያኮርፍም። ግን ሙሽራን ዞር በይ ቢሏት ትዞራለች። ቤትን ማን ያዞረዋል? የምትዞረው ፀሐይ ናት፤ እሷን ደግሞ መጠበቅ እንጂ ማዘዝ የለም። የእኔ የሥራ ዘመን ያለቀው በዚሁ ጥበቃ ነው። የተከበርኩትም በእሱ ነው፣ የተቃጠልኩትም በእሱ ነው።

ሥራውን የጀመርኩት መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ነው። እሠራበት የነበረው የልብስ ስፌት ድርጅት በትኖን ቤት ቁጭ ብዬ ነበር። ካዛንቺስ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ጋሽ ታፈሰ የሚባሉ ሰው ፎቶ ቤት ነበራቸው። ሥራ ስጠይቃቸው መቀስ ሰጡኝና ወረቀት አስቆረጡኝ። «እጅሽ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ነገ ነይ» አሉኝ። በዚያው የታጠበ ፎቶ ጠርዝ ከርካሚ ሆንኩ። ደመወዙ የሚወራለት አልነበረም፤ ሥራው ግን ከስፌት ብዙም አልራቀብኝም፣ የተበላሸውን ቆርጦ ማውጣት ነው።

የፎቶ ቤቱ እንጀራ ጉርድ ፎቶ ቢሆንም የጋሽ ታፈሰ ልብ ያለው ደጅ ነበር። ለፖስት ካርድና ለቀን መቁጠሪያ የሚሆኑ ሕንፃዎችን ያነሳሉ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እሳቸው ካሜራውን፣ እኔ ማቆሚያውን ይዘን ከተማውን እናዳርሳለን። ሕንፃን ሽቅብ ማንሳት አይወዱም፤ ካሜራው ሲያንጋጥጥ ሕንፃው በፎቶው ላይ ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል። ስለዚህ ፊት ለፊት ያለ ፎቅ እንፈልጋለን፣ ባለቤቱን እንለማመጣለን፣ ከዚያ የሰው አንሶላ ከተሰጣበት ሰገነት ላይ ቆመን እንሠራለን። ስንት የማላውቀው ሰው ሳሎን አቋርጬ እንዳለፍኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ከሁሉ የማልረሳው ግን መዳፋቸውን ነው። አንድ ሕንፃ ጋ ስንደርስ ካሜራውን ከመክፈታቸው በፊት ቀጥ ብለው ሄደው መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ ይለጥፋሉ፤ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳሰሰው። ግድግዳው ሞቅ ካለ ፀሐይዋ ከመጣች ቆይታለች፣ ጥላው ረግቷል ማለት ነው፤ እንሠራለን። ከቀዘቀዘ «ገና ነው» ብለው ወደ መጡበት ይመለሳሉ። እኔ እንዲያውም አንድ ቀን «ጋሼ፣ ፀሐይ መኖሯ በዓይን ይታይ የለም እንዴ?» አልኳቸው።

«ዓይን ይቸኩላል፣ ልጄ» አሉኝ። «እጅ አይቸኩልም።»

አንድ ጊዜ ስታዲየም አካባቢ ግንብ ሲዳስሱ ዘበኛ አየን። ሰውየው ዱላውን አስደግፎ መጣና በትሕትና «አባት፣ እዚህ ታቦት የለም እኮ። ቂርቆስ ወደዚያ ነው» አላቸው። ጋሽ ታፈሰ አልሳቁም። «አውቃለሁ፤ እዚህም ሰላም ብዬ ልለፍ ብዬ ነው» አሉት። እኔ ግን እስክንመለስ ድረስ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ነበር።

ለገሃር ባቡር ጣቢያ የተማርኩትን ነገር እዚህ መንገር አለብኝ፤ የኋላው ታሪኬ ሁሉ የሚመጣው ከዚያ ነውና። ጣቢያው ፊቱን ያዞረው ወደ ሰሜን ነው። በጋውን ሙሉ ፀሐይዋ በደቡብ በኩል ስለምትሄድ ፊቱ ከጠዋት እስከ ማታ ጥላ ነው። በዚያ ጊዜ ቢያነሱት ሕንፃው ጀርባውን የሰጠ ይመስላል፤ መስኮቱና ግድግዳው አንድ ግራጫ ይሆናል። ክረምት ሲቃረብ ግን ፀሐይዋ ወደ ሰሜን ትሻገራለች። ሰኔ ላይ፣ ጠዋት፣ ደመናው ገለጥ ካለ፣ ያን ፊት ከጎን እየታከከች ታልፋለች፤ ያን ጊዜ የተጠረበው ሁሉ፣ ጠርዙ ሁሉ ብቅ ይላል። «ወደ ሰሜን የዞረ ቤት በዓመት አንድ ጊዜ ነው የሚስቀው» ይሉኝ ነበር ጋሽ ታፈሰ። ለገሃርን ለማንሳት በጋውን ሙሉ ጠብቀው፣ ሰኔም ደመና ቢሆን ሌላ ሰኔ ይጠብቃሉ። ባዶ እጅ መመለስ እሳቸው ጋ ነውር አልነበረም፤ ነውሩ ያልደረሰ ፎቶ ይዞ መምጣት ነው።

እንዲህ ባለ አንድ የሰኔ ጠዋት ከለገሃር ስንመለስ ነው ባለጥለቱን ቤት በፀሐይ ያየሁት። ቤቱን ከዚያ በፊትም አውቀዋለሁ፤ ካዛንቺስ ውስጥ የማያውቀው የለም። «ከባለጥለቱ ቤት ዝቅ ብሎ»፣ «ከባለጥለቱ ቤት ፊት ለፊት» ሳይባል ሰው ቤቱን አያሳይም ነበር። ባለ አንድ ፎቅ የእንጨት ቤት ነው። የሠሩት እዚያው የሚኖሩት የእትዬ የሺ አባት ናቸው፣ አናጢ ነበሩ። በዚያ ዘመን የተሠሩ ሌሎች ቤቶች የእንጨት ጌጣቸውን ከጣሪያው ጠርዝ ወደ ታች ያንጠለጥሉታል፤ እሳቸው ግን ገልብጠው ከቆርቆሮው ጠርዝ ላይ ወደ ላይ አቆሙት። ልክ እንደ ነጠላ ጥለት ከዳር እስከ ዳር ተደርድሮ፣ በቀዳዳዎቹ ሰማይ ይታያል። ስሙንም ያገኘው ከዚያ ነው። ቤቱ ታዲያ ወደ ሰሜን የዞረ ነው፤ ሁልጊዜ የማየው አኩርፎ ነበር። የዚያን ዕለት ግን ፀሐይዋ ከጎን ገብታ በረንዳው፣ የምሰሶው ቅርጽ፣ ጥለቱ፣ ሁሉም ተለይቶ ወጥቷል። ሁለታችንም ቆምን። ጋሽ ታፈሰ ሄደው ግድግዳውን ዳሰሱ።

«ሞቋል» አሉ። ፊልም ግን ጨርሰን ነበር።

እትዬ የሺ ያን ጊዜ ጎልማሳ ሴት ነበሩ። በትርፍ ቤት አዋጁ ጊዜ ቤቱ የቀበሌ ሆኖ፣ በተወለዱበት ቤት ኪራይ እየከፈሉ ይኖራሉ። ብዙም ሳይቆይ ልጃቸውን ማርታን ሲድሩ የሠርጉን ፎቶ ጋሽ ታፈሰ እንዲያነሱ ጠሯቸው። ጥር ነበር፣ ቀትር ላይ። ሙሽሮቹን ግቢው መሃል ፊታቸውን ወደ ፀሐይ አድርገን አቆምናቸው፤ እኛ ጀርባችንን ለቤቱ ሰጥተን ከበረንዳው ሥር ቆምን። ሌላ መቆሚያም የለም፣ ከቤቱ ወገን ነው ፀሐይ የምትመጣው። ፎቶው ታጥቦ ሲወጣ ከግርጌው የጣሪያው ጥላ ገብቶበታል፤ ጋሽ ታፈሰ አዩትና «ይቺን ክርክም አድርጊያት» አሉኝ። ከረከምኳት። አልበሙ አማረ፣ እትዬ የሺም መረቁን።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የጋሽ ታፈሰን ዓይን ሞራ ያዘው። ፎቶ ቤቱ ተዘጋ። የኔጋቲቭ ፊልሙን ካርቶኖች ለእኔ ሰጥተው እሳቸው ቂርቆስ፣ እህታቸው ቤት ገቡ። እኔ አንድ የሕንፃ ንድፍ መሥሪያ ቤት ፎቶ አንሺ ሆኜ ተቀጠርኩ፤ ቢሮዬ እዚያው ካዛንቺስ ነበር። አለቃዬ ኢንጂነር ገዛኸኝ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ችግራቸው ሰኞ ነው። ሁልጊዜ ሰኞ ስብሰባ አላቸው፤ ፎቶው ለዚያ መድረስ አለበት።

«አስካለ፣ ማለቴ፣ ፀሐይ ፀሐይ ነው እኮ! በቃ፣ ዛሬ ይነሳ!»

«ገና ነው፣ ኢንጂነር።»

«ምኑ ነው ገናው?»

ደምበል አካባቢ ባለ መስታወት ሕንፃዎች ሲበዙ ሥራው መልኩን ለወጠ። መስታወት የራሱ ፊት የለውም፤ ፊት ለፊቱ ያለውን ሕንፃ፣ ደመናውን፣ ታክሲውን፣ እኔንም ሳይቀር መልሶ ያሳያል። አንዱን እንደ ልማዴ በመዳፌ ብነካው ዘበኛው ጨርቅ ይዞ ከውስጥ ወጣና፣ ዓይኔን እያየ፣ የእጄን አሻራ ጠረገ። ጋሽ ታፈሰ እንኳን አላዩ አልኩ።

ሰንጋ ተራ አሮጌው መንደር ተነስቶ ኮንዶሚኒየሞቹ ሲቆሙም እንዳነሳ ታዘዝኩ። ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ ግድግዳ ዳስሼ እመለሳለሁ፤ ኢንጂነሩ ተቆጡ፣ እኔም በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። አንድ ቀን ሌሊቱን ዘንቦ አየሩ ታጥቦ ነጋ። ያን ቀን ያነሳሁት ፎቶ በመስታወት ተደርጎ ኢንጂነሩ ቢሮ ተሰቀለ። እንግዳ በመጣ ቁጥር «አስካለ ናት፤ ጠብቃ ነው ያነሳችው» ይላሉ። ያ ፎቶ አበላሸኝ። የጥበቃዬ ነገር እንደ ሙያዬ ማዕረግ ተቆጠረልኝ፤ እኔም እንደ ማዕረግ ለበስኩት። አሮጌው የሰንጋ ተራ መንደር ሲፈርስ ግን አንሺ ብሎ ያዘዘኝ አልነበረም፤ እኔም አላሰብኩትም።

ከዚያ በኋላ ዓመታት አልፈው የካዛንቺስ ተራ መጣ። ጥምቀት ባለፈ ሰሞን እትዬ የሺ የቢሮዬ በር ላይ ጠበቁኝ። አርጅተዋል፤ ነጠላቸውን አጣፍተው አጥሩን ተደግፈዋል።

«አስኩዬ፣ ሰፈሩ ሊነሳ ነው።»

«ሰማሁ፣ እትዬ።»

«እህ… ምን ይደረጋል። አልበሙን ሳገላብጠው አደርኩ። ሠርግ አለ፣ ክርስትና አለ፣ የአባቴ ተዝካር አለ። ቤቱ የለም! አንድም ቦታ የለም። አባቴ እኮ በእጃቸው የሠሩት ነው፤ ለልጅ ልጆቼ ምኑን ላሳይ?»

ወዲያው ገባኝ። በዚያ ግቢ ፎቶ ያነሳ ሁሉ እንደኛው ሰዎቹን ወደ ፀሐይ እያዞረ ጀርባውን ለቤቱ ሰጥቷል። የቤተሰቡ ደስታም ሐዘንም የተነሳው ከዚያ ቤት ሥር ተቆሞ ነው፤ ቤቱ ግን ሁልጊዜ ከፎቶ አንሺው ኋላ ነበር። እኔው አነሳልዎታለሁ አልኳቸው። ያን የሰኔ ጠዋት ያየሁትን ቤት እያሰብኩ ነው ቃል የገባሁት።

በቀጠሯችን ዕለት ስደርስ ግቢው ተጠርጓል። ጎረቤት የተሰጣ ልብሱን አንስቷል። እትዬ የሺ ነጭ ለብሰው በረንዳው ላይ ቆመዋል። ማቆሚያዬን ተከልኩ። ሄጄም መዳፌን ግድግዳው ላይ አደረግኩ፤ ቀዝቃዛ ነበር። ቀና ብዬ አየሁት፣ ቤቱ አኩርፏል። ጥለቱ ከሰማዩ ጋር ጥቁርና ነጭ ሆኗል፤ የምሰሶው ቅርጽ ጠፍቷል።

«ገና ነው፣ እትዬ» አልኩ።

«ምኑ ነው ገና?»

«ፀሐይዋ። ሰኔ ላይ ናት በዚህ በኩል የምትመጣው። ያኔ ቢያዩት አባትዎ የጠረቡት አንድም ሳይቀር ይወጣል።»

«ሰኔ ድረስ ቤቱ ይቆያል ብለሽ ነው?» አሉኝ።

«ከክረምት በኋላ እንጂ አይነካም ይባላል።»

«መባሉንስ እኔም ሰምቻለሁ።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «በቃ፣ ሥራው ያንቺ ነው፤ አንቺ ታውቂያለሽ።»

ማቆሚያዬን አጥፌ ሄድኩ። ያን ዕለት የያዝኩት ካሜራ ዲጂታል ነበር። ፊልም አይበላ፣ ማጠቢያ አይፈልግ። ጣቴን መጫን ብቻ ነበር፣ ያውም በነፃ። ግን ደካማ ፎቶ ይዤ መመለስ ነውር መሰለኝ፤ እንደ ጋሽ ታፈሰ ባዶ እጄን በኩራት ተመለስኩ።

ትንሣኤ አልፎ ሚያዝያ ላይ ከደምበል በሚኒባስ ስመለስ ነው ያየሁት። አንዲት ሴትዮ ከኋላ «ባለጥለቱ ቤት ወራጅ አለ!» አለች። ረዳቱም «ባለጥለቱ ቤት!» ብሎ በሩን ከፈተ። ወራጇ ወርዳ ግራ ቀኝ አየችና በመስኮቱ በኩል ወደኛ ዞር አለች፤ ምልክቷ ጠፍቶባት። አቧራ ብቻ ነበር። ዶዘሩ ሥራውን ጨርሶ ቆሟል፣ ሰዎች ቆርቆሮ ይጭናሉ። እኔም ተከትያት ወረድኩ። ከጥለቱ ቁራጭ ባገኝ ብዬ ፍርስራሹን ዞርኩት። እንጨቱ በጠዋት ለማገዶ ተሸጧል አሉኝ። ከሰፈሩ ቀድሞ የተነሳው ያ ወገን ነው፤ ለምን እንደሆነ የነገረኝ የለም፣ እኔም ማንን እጠይቃለሁ? ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከአባቴ ቀብር ወዲህ ሰው ፊት አልቅሼ አላውቅም።

እትዬ የሺ ለጊዜው ቂርቆስ ማርታ ጋ ተጠግተው ነበር። ልጠይቃቸው ሄድኩ፤ ለቅሶ ቤት እንደሚገባ ሰው ብርቱካን ይዤ። ማርታ ሻይ አቀረበች። እትዬ የሺ አልተቆጡኝም፣ ቢቆጡኝ በተሻለኝ።

«ሰኔ ብለሽኝ ነበር» አሉ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«እኔ ያቺን የሰኔ ፀሐይሽን መቼ አውቃታለሁ? በሰኔ ጠዋት ጓዳ ነኝ። እኔ ቤቴን የማውቀው በጥላ ነው፤ ስወጣም ጥላ፣ ስገባም ጥላ። ከነጥላው ብታነሺልኝ ምን ነበረበት?»

ሻዩ ሳልጠጣው ቀዘቀዘ።

ከዚያ ወጥቼ የሄድኩት ጋሽ ታፈሰ ጋ ነው። ዓይናቸው ጨርሶ ጠፍቶ፣ የእህታቸው ቤት ደጃፍ ላይ፣ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ከቤተክርስቲያኑ አጥር አጠገብ ያለ ጠባብ መንደር ነው፤ ሰው እግራቸውን ተሻግሮ ነው የሚያልፈው። ሁሉንም ነገርኳቸው። እንዲያጽናኑኝ ነበር የፈለግኩት፣ ደግ አደረግሽ እንዲሉኝ።

«ያቺ ቤት ፈረሰች?»

«ፈረሰች፣ ጋሼ።»

«ያኔ ሞቃ ነበር» አሉ። ከዚያ መዳፋቸውን ከኋላቸው ያለው ግድግዳ ላይ አደረጉት። «አስካለ፣ እኔ ስሠራ ቤት አይሄድም ነበር። የሚሄደው ፀሐይ ነበር። አሁን ተገላብጧል አሉ። እኔ ምን ላውቅ፣ አላየሁት። አንቺ ዓይን እያለሽ…» አልጨረሱትም።

ያቺ ያልተጨረሰች ቃል አብራኝ ኖረች። በቀጣዩ ክረምት ጋሽ ታፈሰ ዐርፈው ቂርቆስ ቀበርናቸው። ሰው ሲበተን የቤተክርስቲያኑን ግድግዳ ተሳለምኩ፤ ሞቆ ነበር። እዚያው ቆሜ ያለቀስኩት ለማን እንደሆነ ዛሬም አልለየውም።

ከዚያ በኋላም በመሥሪያ ቤቱ ብዙ ሠራሁ። ሥራዬ ግን ሁለት ዓይነት ሆነ፤ ለኢንጂነሩ እየጠበቅኩ፣ ለራሴ ሳልጠብቅ። ከቢሮ ስወጣ ሊፈርስ ነው የተባለውን ቤት ሁሉ በዝናብም በጥላም፣ ሽቅብም ቁልቁልም አነሳለሁ። አብዛኛው መናኛ ፎቶ ነው። ጋሽ ታፈሰ ቢያዩት አንዱንም አያሳልፉትም። ልቤ ግን አልተፈወሰም፤ የሌላ ሰው ቤት ቢነሳ የእትዬ የሺን አይተካም። ሰኔ ሲሆን ባለጥለቱ ቤት የነበረበት ጋ ሄጄ እቆም ነበር። ፀሐይዋ በሰዓቷ መጥታ ቦታውን ያጠረውን ቆርቆሮ ታበራዋለች። ታክሲ ውስጥ አሁንም «ባለጥለቱ ቤት ወራጅ» ይባላል፤ የሚሉት ልጆች ጥለቱ ምን እንደነበር አያውቁም።

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን ሥራ ፈት እጄ የጋሽ ታፈሰን ካርቶኖች ከፈተ። ኔጋቲቮቹን በመስኮት ብርሃን እያየሁ ሳለ የማርታ ሠርግ ላይ ደረስኩ። ሙሽራዋ በኔጋቲቩ ላይ ጥቁር ለብሳለች፣ ሙሽራው ነጭ። ከእግራቸው ሥር፣ ከፎቶው ግርጌ፣ አንድ ብሩህ መደብ ተዘርግቷል፤ በኔጋቲቭ ጥላ ብርሃን ነው። ጠርዙ ግን ቀጥ ያለ አልነበረም። ወደ መስኮቱ አስጠጋሁት። ጥለቱ ነበር። የቀትሩ ፀሐይ በጣሪያው ላይ አልፎ፣ ወደ ላይ የቆመውን የአናጢውን ሥራ ከነቀዳዳው መሬቱ ላይ አስተኝቶታል፤ ልክ ከሙሽራዋ ቀሚስ ጫፍ ሥር። እትዬ የሺ አልበም ውስጥ የሌለው እኔ በመቀሴ ስለከረከምኩት ነው። እጅሽ ቀጥ ብሎ ይሄዳል ተብዬ በተቀጠርኩበት እጄ።

ሳይከረከም በትልቁ አሳተምኩት። እትዬ የሺ በመጨረሻ የደረሳቸው ኮንዶሚኒየም ከከተማው ዳር ነው፤ ማርታም አብራቸው ትኖራለች። ስሄድ ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ሰማዩ ዳምኖ ክፍሉ ደብዝዟል። ፎቶውን ጭናቸው ላይ አደረግኩት። እትዬ የሺ መነጽራቸውን ፈልገው አጠለቁ፤ መጀመሪያ ያዩት እንደ ማንም ሰው ሙሽሮቹን ነው። «ይኼስ አለኝ እኮ» አሉ።

«ከታች ይዩት፣ እትዬ።»

አዩት። እጃቸው ቆመ። ከዚያ መዳፋቸውን ዘርግተው ከላይ ያለውን ሁሉ፣ ሙሽሮቹንም ሚዜዎቹንም፣ ሸፈኑት። የቀረው ጥላው ብቻ ሆነ።

ማርታ ጎንበስ ብላ «እማዬ፣ እኔን እኮ ሸፈንሽኝ» አለች።

«አንቺን በየቀኑ አይሻለሁ» አሏት።

በሌላው እጃቸው ጣት ጥለቱን ከዳር ጀምረው ዳበሱት። አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ፤ እዚያ ጋ አንዷ ቅርጽ ጎድላለች፣ ብርሃኑ ሾልኮ መሬቱ ላይ ወድቋል። «ይቺን ወንድሜ ነው በኳስ የሰበራት» አሉ። «አባቴ ክረምቱ ሲወጣ እተካታለሁ ይሉ ነበር።»

«ተኳት?»

«የት ይተኳታል! ክረምቱ ሲወጣ ሌላ ሥራ፣ ሌላ ክረምት። እንዲሁ ጎድላ ቀረች።» እንባቸው በመነጽሩ ሥር ወረደ፤ አልጠረጉትም። «ጥላውን ሰጠሽኝ፣ አስኩዬ። ቤቱን ግን አልሰጠሽኝም።»

«አዎ፣ እትዬ» አልኩ። እውነት ነው የተናገሩት።

ካሜራዬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አወጣሁት። ሳላስበው ግራ እጄ ከጎኔ ያለው ግድግዳ ላይ አርፏል፤ ብርድ ነበር፣ እንደ ጉድጓድ ውሃ። እትዬ የሺ መዳፋቸውን ከሙሽሮቹ ላይ ሳያነሱ ቀና ብለው እጄን አዩት። አልረሱም።

«ገና ነው?» አሉኝ።

«አይደለም፣ እትዬ። አልፏል» አልኳቸውና አነሳኋቸው።